የየካ ዳገት ሽኝት

የዘንድሮ ሰው መሰነባበት አያውቅም። እውነቴን ነው! የልጅ ልጄ ሳሮን ስልክ ስታወራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። (ጆሮው ደክሟል የሚሉኝ ሰዎች ወሬ ሲሆን አያውቁኝም።) ጨዋታው ይሞቃል፣ ሳቁ ይደምቃል፤ ድንገት «ባይ!» ትላለች። አለቀ። በር ሰው ፊት ላይ እንደ መዝጋት ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አፍንጫው ይትረፍ አይትረፍ እግዜር ይወቅ።

«ምንድን ነው ይሄ ባይ የምትይው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ደህና ሁን ማለት ነዋ፣ አባባ!»

አይደለም። በሽበቴ እምላለሁ፣ አይደለም። «ደህና ሁን» ምርቃት ነው። ከአፍ ወጥቶ ሰውዬውን ተከትሎት ይሄዳል፤ ከጅብም ከጉድጓድም ጠብቆ ቤቱ ያስገባዋል። «ደህና ሰንብት» ደግሞ ከበድ ይላል። እሱ ቶሎ ለማይገናኙት ሰው ነው፤ ለጎረቤት ከተባለ ወይ ጠብ አለ ወይ ጓዝ ተጭኗል። «ቻው» አለላችሁ፤ ጣሊያን ከመኪናና ከፍሬን ጋር ጥሎልን የሄደው። እሱ እንኳን እኛ እጅ ገብቶ ሰው ሆኗል፤ ብቻውን አይባልም። «ቻው... እሺ ቻው... በቃ ቻው... ቻው ቻው ቻው» እያለ ፍሬን እንደሌለው መኪና ቁልቁል ይንከባለላል። «በል እንግዲህ» የሚባለውማ ጭራሽ መሰናበቻ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለመነሳት አሳብ አለኝ ማለት ነው።

ሳሮን ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «እንዲህ ከሆነማ ሰው መቼ ቤቱ ይገባል?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔና ቱሉ መች ገብተን እናውቃለን?

ቱሉ ጎረቤቴ ነው። ነበር ልበል? አፌ አልለመደውም። ከላምበረት ወደ ላይ፣ የየካ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር የእኔ ቤት ከላይ፣ የእሱ ከታች ነው። አመሻሽ ላይ እኔ ጋ ሲጫወት ይቆይና ሊሄድ ሲነሳ እሸኘዋለሁ። ደጁ ስንደርስ ወሬው ገና መሃሉ ላይ ነው። «ብቻህንማ አትመለስም፤ ልሸኝህ» ይለኛል። እኔ ደጅ እንመለሳለን። «አንተስ ብቻህን ልትወርድ?» እለዋለሁ። የሸኘህን መሸኘት ደንብ ነው። ችግሩ፣ ደንቡ የት ላይ እንደሚቆም የነገረን የለም። የሰፈሩ ውሾች መጀመሪያ ይጮኹብን ነበር፤ በኋላ ታከታቸውና እነሱም እየተቀባበሉ ይሸኙን ጀመር። አንድ ጊዜማ እየተሸኛኘን ሳለን የእንጦጦ ወፎች ተነስተው «እንዴት አደራችሁ» ብለውናል። ባለቤቴ ውሸት ነው ትላለች። ተኝታ በምን አውቃ?

ከዚያ የቱሉ ሚስት አረፈች። ጉልበቱም ዳገቱን እምቢ አለ። ደብረ ብርሃን የምትኖረው ልጁ ጫልቱ «አባዬ፣ ብቻህን አትቀመጥም፤ እኔ ጋ ትኖራለህ» አለችው። ቱሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ተከራከረ። በሁለቱም ተረታ።

ልሸኘው ላምበረት መናኸሪያ ወረድኩ። ግን ምን ልበለው? «ደህና ሰንብት» ምላሴ ላይ ድንጋይ ሆነብኝ። «ደህና ሁን» ብለው ደግሞ ነገ ማታ የሚመጣ ሊመስለኝ ነው። ያን ቀን፣ አትሳቁብኝ፣ በሳሮን «ባይ» ቀናሁ። እንዲያ አድርጎ የሚቆርጥ ቃል እኔስ በነበረኝ!

ሻንጣውን ይዤለት አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ለትንፋሽ ያህል ተቀመጥኩ። «በል እንግዲህ» አልኩት። «በል እንግዲህ» አለኝ። ይሄ መነሻ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አውቶቡሱ ግን አያውቅም፤ ተነሳ።

ረዳቱ መጣ። «አባባ፣ እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት ወራጅ?»

«ሸኚ ነኝ» አልኩት።

«ሸኚ የሚባል ወንበር የለንም እኮ!»

«ለገጣፎ ላይ አውርደኝ በቃ።»

ለገጣፎ ስንደርስ ወሬው መሃሉ ላይ ነበር። ሰንዳፋ ላይ ቱሉ ስለ ሚስቱ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ሟች ሚስቱ የሚያወራ ሰው ተጥሎ ይወረዳል? ሸኖ ላይ ረዳቱ ራሱ ተስፋ ቆርጦ «ንዳው» አለው ሹፌሩን። ጫልቱ አንድ አባት ስትጠብቅ ሁለት መጣላት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ግን አትጠይቁኝ። «እንደምን ዋልሽ» ስላት ቃሉ አፌ ላይ በረዶ ሆኖ ወርዶ እግሬን መታኝ።

በማግስቱ ቱሉ ጋቢውን ደርቦ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። እሱ የበሩን ብረት ያዘና አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። ልቤ ዘለለች። ግባ! ሸኘኝ፤ እኔ ደግሞ መልሼ እሸኝሃለሁ፤ እንዲሁ ስንመላለስ እዚሁ መንገድ ላይ እንለቅ! ከዚያ ሌላ ምንም አላማረኝም። ጉልበቱ እምቢ አለ። እግሩን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«አልቻልኩም፣ ወንድሜ» አለኝ።

ደህና ሁንም ሳንባባል አውቶቡሱ ሄደ። እስከ ሸኖ ድረስ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ አስቸገረኝ። መስኮቱ እንኳን ዝግ ነበር።

ላምበረት እንደወረድኩ ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረስክ?» ቱሉ ነው።

«ላምበረት።»

«ስልኩን እንዳትዘጋ። ሰው መሃል መንገድ ላይ ጥሎ መመለስ ነውር ነው። ተራመድ፣ ልሸኝህ።»

ተራመድኩ። ኮረኮንቹን ስጀምር «ቦዩን ተጠንቀቅ» ይለኛል። ትንሽ ወጣ ስል «ያቺ ጥቁር ውሻ አለች?» «አለች።» «ሰላም በልልኝ።» አልኩለት፤ ጅራቷን ቆላች። የእሱን ደጅ አለፍኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የእኔ ደጅ ስደርስ «ደረስኩ» አልኩት።

«ጎሽ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «በል አሁን አንተ ሸኘኝ።»

ምን ላድርግ? ደንብ ነው። ቁልቁል ተመለስኩ።

«ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይላሉ አበው። አበው ስልክ አልነበራቸውም። ይኸው ማታ ማታ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዳገቱን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አዲሶቹ ጎረቤቶች ሽማግሌው ስፖርት ጀመሩ ይላሉ። የሚገርመኝ ግን ቱሉ ነው። በጉልበቱ የተነሳ ዳገቱን ጥሎ የሄደ ሰው፣ ደብረ ብርሃን እሳት ዳር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሲሰማ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ፈጠን በል እንጂ! እኔ እኮ ደርሼ ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው።»