ድርድር የሠለጠነው አጎቴ

ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል? እንግዲያው አጎቴን ታምሩን ላስተዋውቃችሁ። ቀበሌው ፍኖተ ሰላም ልኮት፣ የበሬ ሽያጭና የወሰን ክርክር እያስመሰሉ ድርድር አስተምረውት ወደ አገራችን ማንኩሳ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እራት እንኳ ሳይደራደር አይበላም!

እህቴ ጥሩወርቅ የወደደችው ልጅ ሽማግሌ የላከ ዕለት፣ አጎቴ አባባን ጥግ አስይዞ፣ "ቀድሞ የተናገረ ወገን ይሸነፋል፤ ትንፍሽ እንዳትል!" አለው።

ሽማግሎቹ ገቡ። ደንቡን መቼም ታውቁታላችሁ፤ "ምን እግር ጣላችሁ?" ካልተባሉ አይናገሩም፣ አይቀመጡምም። አባባ ዝም። እነሱም እንደቆሙ ዝም። ሁለት ወይፈኖች እንኳ እንዲህ ተፋጠው አያውቁም። በመጨረሻ አንደኛው አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ "ቤቱ አልፈለገንም፤ እንሂድ" አሉ።

ይሄኔ ጥሩወርቅ ከጓዳ ዘላ ወጣች።

"ኧረ አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ! ምን እግር ጣላችሁ?"

ለጋብቻ የምትጠየቀው ልጅ ራሷ ጠያቂ ሆነች! አባባ በሐፍረት አንገቱን ደፋ፤ ሽማግሎቹ ግን እየሳቁ ተቀመጡ።

አጎቴ ያፈረ መሰላችሁ? ወደ አባባ ጠጋ ብሎ፣ "እኛ አልተሸነፍንም" አለው። "የተናገረችው ከእንግዲህ የእነሱ ወገን ናት።"