የስምንት ክፍሉ ቤትና የማሪቱ አውራ ጣት

ዕዳ የሌለበት ሰው ጎጆ ይበቃዋል፤ ዕዳ ያለበት ግን ሰፊ ቤት ያስፈልገዋል። ይህን ጥበብ ለሰበታ ከተማ የገለጡላት አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበረው ሕዝብ አላዋቂ ስለነበር መጀመሪያ ዕዳውን ይከፍልና ኋላ ቤት ይሠራ ነበር። አብዛኛው ታዲያ ከፍሎ ሳይጨርስ ስለሚሞት ከጠባብ ቤት ወጥቶ ጠባብ መቃብር ይገባል። አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ኋላ ቀር ልማድ ሊሽሩ ተነሡ።

እሳቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ያለባቸው ዕዳ የባላምባራስ ተድላ ሲሆን የመጣውም በክብር ነው፤ ግማሹ ለመጨረሻ ልጃቸው የክርስትና ድግስ፣ ግማሹ ለራዲዮ። ራዲዮው ባትሪ ስለሌለው አይናገርም፤ ቢሆንም እንግዳ ሲመጣ የሸፈነው ጨርቅ ይገለጥለታል፤ እንግዳው አይቶ ሲያበቃ ይሸፈናል።

ሚስታቸው ማሪቱ እንዲህ ያለ ጥበብ አይገባትም ነበር። ከእናቷ በወረሰችው ሁለት ክፍል ቤት አራት ልጆች ታሳድጋለች። ጣሪያው አያፈስም። ከጓሮው ጌሾ ቆርጣ እየሸጠች ጨውና ጋዝ ትገዛለች። ሲነጋም ሲመሽም የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚህ ልጆች ከራሳቸው በላይ ጣሪያ እንዳያጡ። ከዚህ ያለፈ አሳብ እንደሌላት ባለቤቷ ብዙ ጊዜ በሐዘን ይናገሩ ነበር።

«ጠባብ ቤት አበዳሪን ያስደነግጣል» አሏት አንድ ቀን። «ባላምባራስ በዚህ በር ጎንበስ ብለው ሲገቡ ምን ይላሉ? ‹ገንዘቤ የገባው እዚህ ነው?› ይላሉ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይጠይቃል።»

«ብንከፍላቸውስ?»

«ይኸውልሽ። እኔ ስለ ትልቅ ነገር ሳወራ አንቺ ስለ መክፈል ታወሪያለሽ።»

ባላምባራስ ተድላ በጅማ መንገድ ዳር ጣሊያን የሠራው ስምንት ክፍል ቤት ነበራቸው። ለዓመታት ተከራይ አጥቶ የሌሊት ወፍ ኖሮበታል። ባለዕዳቸው ቤቱን ሊገዛ መምጣቱን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ ይባላል። የድሮው ዕዳ ከቤቱ ዋጋ ጋር ተደምሮ በየወሩ ይከፈላል፤ የሚያስፈልገው ቀብድ ብቻ ነው አሉ። ቀብዱም ያለው ሩቅ አልነበረም፤ በማሪቱ ስም በተመዘገበው መሬት ላይ ለምልሞ ቆሟል። ጌሾው ከነመሬቱ ነው።

እዚህ ላይ የትምህርትን ጥቅም ማንሣት ግድ ይሆናል።

ማሪቱ እናቷ ሞታ ቤቱን ስትወርስ ፊደል አታውቅም ነበርና በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ መሠረት በአውራ ጣቷ አትማለች። ፊደል የማያውቅ ሰው በርስቱ ላይ ሲያትም ሦስት ሽማግሌዎች ይቆማሉ፤ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወደህ ነው ወይስ ተገደህ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የጠየቋት ጎረቤቷ ገበሬው ኦቦ ደገፋ ነበሩ። ማሪቱ እንደ ሕፃን ሦስት ጊዜ መጠየቋ አሳፈራት። በጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው ነጠላው ላይ ቀረ፤ ስታጥበው ሰፋ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ ሄደች። ልጇን አዝላ፣ ጠመኔውን እንደ መርፌ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ስሟን መጻፍ ተማረች።

ከመምህሩ ይልቅ የተደሰቱት አቶ ወንዳፍራሽ ነበሩ። «መሃይምነት ከቤቴ ወጣ» ብለው ለጎረቤት ተናገሩ። ሰኞ ማለዳም ጌሾውን ለባላምባራስ በፊርማዋ እንድታስተላልፍ ማዘጋጃ ቤት ወሰዷት።

ማሪቱ መንገዱን ሙሉ በሆዷ መልስ ስታሰናዳ ሄደች። ባሏን በአደባባይ ማዋረድ አልፈለገችም፤ ጌሾውንም መስጠት አልፈለገችም። ‹ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ቀስ ብዬ አልወደድኩም እላለሁ› ብላ ቆረጠች። ደርሰው ሲገቡ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ብዕር ሰጣት። ጻፈች። የ«ቱ» እግር ትንሽ ወደ ጎን ሸሸ እንጂ መልካም ነበር።

«ጨርሰናል» አለ ጸሐፊው፣ ቀለሙን በመምጠጫ ወረቀት እየመታ።

«የሚጠይቀኝ የለም?»

«ምኑን?»

«ወድጄ እንደሆነ።»

ጸሐፊው ሳቀ። «እሱ ለመሃይም ነው፣ እሜቴ። የተማረ ሰውማ የሚያደርገውን ያውቃል።»

ትምህርት ማሪቱን ከመጠየቅ ነጻ ያወጣት በዚህ አኳኋን ነው።

ቤተሰቡ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ወደ ስምንት ክፍሉ ቤት ገባ። ዕቃው ሁሉ ተራግፎ አንዱን ክፍል እንኳ በቅጡ አልሞላም። በቀሩት ክፍሎች ሰው ሲያስነጥስ ቤቱ መልሶ ያስነጥስ ነበር። ልጆቹ ፈርተው እናታቸው ወዳለችበት ተሰበሰቡ፤ ስድስቱም ሰዎች እንደ ድሮው በአንድ ክፍል ተኙ። ልዩነቱ ድሮ ተጠጋግተው ይተኙ የነበሩት በቦታ ጥበት ሲሆን አሁን በፍርሃት መሆኑ ነው።

በቤቱ ምርቃት ዕለት፣ ድግሱ በዱቤ መሆኑን ሳንዘነጋ፣ አቶ ወንዳፍራሽ በረንዳው ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ።

«ክቡራንና ክቡራት። ዕዳ እንደ እህል ነው። በጠባብ ጎተራ ሲከማች ይነቅዛል፤ በሰፊ ቦታ ሲበተን ግን ይሳሳል። ዕዳዬ ዛሬ ለስምንት ክፍል ተከፋፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል ያለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።»

እንግዶቹ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። በእርግጥም በክፍሎቹ ምንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰፊ ቤት ሥራውን ጀመረ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጯ ማሪቱን ስታይ ዋጋ ጨመረች፤ «ለባለ ፎቅ ይኼ ምንድን ነው?» አለቻት፣ ቤቱ ፎቅ ባይኖረውም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወንዳፍራሽን ከባለጸጎች ተራ አስገብተው መዋጮውን አበዙባቸው፤ እሳቸውም ደስታቸውን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ገለጡ። የአቶ ወንዳፍራሽ የአጎት ልጅ፣ «አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተራ እስኪደርሰኝ» ብሎ ከተጂ ከተማ መጥቶ ሁለት ክፍል ያዘ። በሽታው የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ ዓይነት አልነበረም። አቶ ወንዳፍራሽም ባዶ ክፍል ያሳፍራል ብለው ሶፋ በዱቤ አመጡ። ሶፋው ብቻውን ሲሆን ክፍሉ የባሰ ባዶ ስለመሰለ ሁለተኛ ሶፋ አመጡ።

የቤቱ ወርኃዊ ክፍያ ግን አልተከፈለም።

ባላምባራስ ተድላ መጡ። በሩ ሰፊ ስለነበር ጎንበስ ሳይሉ ገቡ። እንደተተነበየውም ምንም አልደነገጡም።

«ወንዳፍራሽ፣ እኔ ሰው አላስጨንቅም» አሉ ሶፋው ላይ ተደላድለው። «ያቺ ትንሿ ቤት ባዶዋን ተቀምጣለች አይደል? እሷን ስጠኝና ያለፈውን ውዝፍ ልርሳልህ።»

«እርስዎ ምን ጊዜም አባት ነዎት» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

ማሪቱ በሩ ሥር ቆማ ሰማች። ትንሿ ቤት ከሄደችና ይህም ካልተከፈለ ልጆቹ ወዴት ይገባሉ?

«ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን» አሏት ባሏ እንግዳው ሲወጡ። «አንቺ እንደሆነ አሁን ስምሽን ትጽፊያለሽ፤ ነገሩ ፈጣን ነው።»

«አውቃለሁ። በጣም ፈጣን ነው» አለች።

በማግሥቱ ወደ ድሮው ሰፈር ወረደች። ኦቦ ደገፋ በሬዎቻቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኘቻቸው።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ደገፋ?»

«ነጋ፣ ነጋ፣ ማሪቱ። ቤት ሰፍቶሽ ጠፋሽ።»

«ኦቦ፣ ሐሙስ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቢገኙልኝ?»

«ምን ልንሠራ?»

«ልትጠይቁኝ።»

ኦቦ ደገፋ አገጫቸውን አከኩ። «አንቺ እኮ ተምረሻል ብሎ ባልሽ ሲያወራ ሰማሁ። የተማረ አይጠየቅም።»

«እስከ ሐሙስ ይጠፋኛል።»

ሽማግሌው በሬያቸውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ፊደል ክፉ ነው፤ እንዲያ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነማ መምጣት ይሻላል» አሉ።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም አስነክቶ ዘረጋላት። ማሪቱ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም።

«እኔ ፊደል አላውቅም።»

አቶ ወንዳፍራሽ የሳቁ መሰሉ። «አፍራ ነው። ጻፊ፣ ማሪቱ።»

«ረሳሁት፣ የልጆቼ አባት። ስምንት ክፍል ነው፤ የትኛው ክፍል እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።»

ባላምባራስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «የጌሾውን ጊዜ ፈርማ የለም እንዴ?»

«ያን ጊዜማ አውቅ ነበር፣ ባላምባራስ። ጠባብ ቤት ነበርኩ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ፊርማዋን አየ፤ እሷንም አየ። ከዚያም በኋላ አገር የሚጠብቁ ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚታየው ዓይነት ክብደት ፊቱ ላይ ወረደ። «ፊደል ለማያውቅ ደንብ አለ» አለ። «ለሚያውቅም አለ። አውቆ ለረሳ ግን ገና አልወጣም። ደንብ እስኪወጣ ድረስ እንደማያውቅ መቁጠር ለመሥሪያ ቤቱ ጤና ነው። ሽማግሌዎች ያስፈልጋሉ።»

«ሽማግሌ አሁን ከየት ይመጣል?» አሉ ባላምባራስ።

ሽማግሌዎቹ ከበሩ መጡ። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ኦቦ ደገፋ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማሪቱ፣ ይህችን ቤት የምትሰጪ ወደሽ ነው ወይስ ተገደሽ?»

«አልወደድኩም፣ ኦቦ።»

ሁለተኛ ጠየቁ፤ አልወደደችም። በሦስተኛው አቶ ወንዳፍራሽ፣ «ኧረ ሰምተናል» አሉ። «ደንብ ነው» አሉ ኦቦ ደገፋ፤ ጠየቁ። ማሪቱም ያን ቀን ስለ ጌሾው ያሰናዳችውንና ሳትናገረው የቀረውን ጨምራ እንዲህ አለች፦ «ልጆቼ የሚገቡበት ሌላ ጣሪያ የላቸውም። አልወደድኩም።»

ባላምባራስ ተድላ እንደ ጨዋ ሰው ስምንት ክፍሉን ቤት መልሰው ወሰዱ። ቀብዱ በኪራይ ተቆጠረ። ሶፋዎቹ ወደ ባለሱቁ ተመለሱ። የተጂው ዘመድ ያን ቀን ዳነ። ራዲዮውም በዕዳው ማቃለያ ባላምባራስ ቤት ገባ፤ እዚያም አልተናገረም። የቀረው ዕዳ ከደመወዝ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሊቆረጥ ተስማሙ፤ ይኸውም አላዋቂው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያደርገው የነበረው ነው።

ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ አቶ ወንዳፍራሽ ለአህያ ነጂው ዐዲስ ጥበብ ገለጡለት። «ጠባብ ቤት አበዳሪን ያሳዝነዋል» አሉት። «ያዘነ ሰው ደግሞ ይታገሣል። እኔ ይህን ከመጀመሪያውም ብያለሁ።»

ማሪቱ ጌሾው ከነበረበት አጥር ወዲህ በቀረው መሬት ጎመን ዘራች፤ ትምህርቷንም ቀጠለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በሰሌዳዋ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። የ«ቱ» እግር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አቶ ወንዳፍራሽ በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው አዩና ጠየቁ።

«እንዲህ ያማረ ጽሑፍ እንዴት ብሎ ጠፍቶሽ ነበር?»

«ሁለት ክፍል ቤት ጥሩ ነው» አለች ጠመኔውን ሳታነሣ። «ምንም ነገር አይጠፋበትም።»