ትከሻዬና የታክሲው መስኮት

በዚህ ከተማ ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብርድ ይባላል! ሌላው ሁሉ የሐኪሞች ወሬ ነው። ወገብህን አመመህ? ብርድ ነው። ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ ይንቋቋል? ብርድ ነው። አንገትህ አልዞር አለ? ትናንት ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ ነበር… በቃ፣ ምርመራው ተጠናቀቀ! የሕክምና ተማሪዎች ስለ ጡንቻ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ቆዳ ሲያነቡ ዓይናቸው እስኪጠፋ የሚለፉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከኢምፔሪያል ሚኒባስ ተሳፍረው ቦሌ መድኃኔዓለም እስኪደርሱ ተሳፋሪውን ቢያዳምጡት፣ መንገዱ ካልተዘጋ በሩብ ሰዓት ይመረቁ ነበር።

የታክሲውን ነገር ካነሳሁ አይቀር… አሥራ ሁለት ሰው በሚይዝ ሚኒባስ አሥራ ስድስት ሆነን ታጭቀናል። ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎታል። ሽቶው፣ ላቡና የአንዷ እናት የሽንኩርት ፌስታል ተደባልቀው አየሩን በማንኪያ የሚበላ አድርገውታል። በዚህ መሐል ጣት የምታህል ክፍተት ለማግኘት መስኮቱን ገፋ አድርጉ እስቲ! "ወንድም፣ ዝጋው እንጂ! ሰው ልትጨርስ ነው?" አጠገባችሁ ያለው ሰውዬ ፊታችሁ ላይ ሦስት ጊዜ ሲያስነጥስ ቃል ያልተነፈሰ ሕዝብ፣ ንጹሕ አየር ሲገባ በአንድ ድምፅ ይነሳባችኋል።

ይህን ሁሉ የምለው በንቀት ነው፤ አልደብቃችሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ፈሪዎችን እየናቅኩ ኖሬያለሁ። ችግሩ ንቀት የሚሠራው ጤነኛ ሲሆኑ ብቻ መሆኑ ነው።

የቀኝ ትከሻዬ ማመም የጀመረው ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ላወርድ ስንጠራራ ነው። አንድ ጊዜ ወጋ አደረገኝና ተወኝ። ከዚያ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ከዚያ ጃኬት መልበስ። በመጨረሻ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልሄድም ብሎ አደመ። ባለቤቴ ትርሐስ ጠዋት ጠዋት እንደ ኬጂ ተማሪ ታለብሰኝ ጀመር። "ይሄኛውን እጅህን ስጠኝ… ቀስ… አሁን ደግሞ ያኛውን…" ቁልፌን ቆላልፋ ስትጨርስ "ምሳ ዕቃህን ያዝክ?" ብትለኝ አይገርመኝም ነበር። የምበላበትም የምጽፍበትም እጅ እንግዲህ ይኸው ነው። ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ይህን ጊዜ ፎቃችን ላይ በር ለበር የምንጎራበታቸው እትዬ ዘነበች መጡ። ገና ከደጃፉ ሆነው አዩኝና ፈረዱ።

"ብርድ ነው!"

"በምን አወቁ እትዬ?"

"ትከሻ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?"

ምን ትላላችሁ? እትዬ ዘነበች በኮንዶሚኒየማችን የታወቁ ስፔሻሊስት ናቸው። ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ለእሳቸው ምች ነው፤ ዳማ ከሴ አሽተው ያሸቱሃል። ጎን ላይ ተሰልፎ የሚወጣና እንደ እሳት የሚለበልብ ሽፍታ ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ሌሊት አንዳች ነፍሳት ሸንቶብህ ነው። ከቆዳ በታች ያለው ግን፣ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ያለ ልዩነት ብርድ ነው። ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፤ ትከሻውን በጋቢ ጠቅልለው፣ አታንቀሳቅሰው፣ በቀዝቃዛ ውኃ እንዳትታጠብ፣ መስኮት እንዳትከፍት።

ያ ንቀታም ሰውዬ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተጠቀለለ! ሁለት ወር ሙሉ! ቢሮ በጋቢ መሄድ ስለማይሆን በአንገት ልብስና በሁለት ሹራብ እሄድ ነበር። ታክሲ ውስጥም… ኧረ ልናገረው… አንድ ልጅ መስኮት ሲከፍት "አንተ፣ ዝጋው!" ብዬ ጮኬያለሁ።

ክሊኒክ አልሄድክም ወይ አትበሉኝ፤ ሄጃለሁ። ሐኪሙ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል "የት ጋ ነው?" አለኝ። "ትከሻዬን" አልኩት። "ሦስት ቀን ትወጋለህ" ብሎ ጻፈልኝ። ከነሹራቤ ገብቼ ከነሹራቤ ወጣሁ። ዛሬ ያ ሰው መንገድ ላይ ቢያየኝ በፊቴ አይለየኝም፤ አላየውማ!

መርፌው አልሠራም። እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ የድል ፈገግታ ፈገግ አሉ። ቦሌ ቡልቡላ አንድ ወጌሻ እንዳለና ለቅዳሜ ጠዋት ወረፋ እንደያዙልኝ ነገሩኝ።

"አንዴ ጎተት ሲያደርጋት ጯ! ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም ነው።"

"ማን ናት ጯ የምትለው?"

"ትከሻህ ናታ!"

"ያዳነው ሰው አለ?"

"የአክስቴን ልጅ ጉልበት በአንድ ጉተታ ነው ያዳነው!"

"አሁን ደህና ይራመዳል?"

"በጣም! ከክራንቹ ጋር የሚቀድመው የለም።"

ቅዳሜ ልጎተት በዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የትርሐስ እህት ልጅ ቃልኪዳን ከክፍሏ ወጣች። እኛ ቤት ሆና ሕክምና የምትማር ልጅ ናት። ሰፈሩ ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባችበት ቀን ጀምሮ "ዶክተር" ነው የሚላት። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ገና እንግሊዝኛና ፊዚክስ እየተማረች፣ ጎረቤቱ ጭርቱንና ቋቁቻውን ይዞ ደረጃው ላይ ይሰለፍላት ነበር። ልጅቷ እንቢ ብትል "ኮራች" ይሏታል፤ እሺ ብትል በማግስቱ "ምንም አታውቅም" ይሏታል። እኔም ከእነሱ አልሻልም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ያንን የሚያህል መጽሐፍ ሸምድዳ የአጎቷን ትከሻ ያላዳነች ልጅ ምን ትሠራልኛለች እያልኩ በሆዴ እንቃት ነበር። ጠይቄያት እንደማላውቅ ግን ትዝ አላለኝም።

"ጋሼ፣ ሰኞ የተግባር ፈተና አለብኝ" አለችኝ። "ስለ መገጣጠሚያና ስለ ቆዳ። እባክህ ለልምምድ በሽተኛ ሁንልኝ።"

"ነኝ እኮ!" አልኳት።

ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መጣች። ትርሐስ ሶፋው ላይ፣ እትዬ ዘነበች ደግሞ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ቃልኪዳን እጇን ታጥባ ተመለሰችና ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"እንደምን አሉ? የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ቃልኪዳን እባላለሁ። ስምዎን ቢነግሩኝ?"

"አንቺ ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትኖሪ…"

"ጋሼ! ፈተና ነው!"

ስሜን ነገርኳት።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ጸሐፊ።"

"ከባድ ዕቃ ያነሳሉ?"

"ያንቺን መጽሐፍ፤ ወደዚህ ቤት የመጣሽ ቀን።"

ትርሐስ ሳቀች። ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። መቼ እንደጀመረኝ፣ ሌሊት ያመኝ እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንዳቃተኝ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ "አሁን እባክዎ ልብስዎን እስከ ወገብ ያውልቁ" አለችኝ።

እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሱ። "ኧረ በስመ አብ! ብርድ ሊመታው ነው! መስኮቱን ዝጉ!"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መዳሰስ፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው" አለች ቃልኪዳን። "ሳላይ ብዘል አስተማሪው ይጥለኛል።"

ጋቢው፣ ሹራቡ፣ ሸሚዙና ካናቴራው በትርሐስ እርዳታ እስኪወልቁ ሌላ ፈተና ተፈትኖ ያልቅ ነበር። ልጅቷ ከፊቴ አየችኝ፤ ከጎን አየችኝ፤ ከኋላዬ ዞረችና ቆመች። ከዚያ ጣቷ ትከሻዬ ላይ ሳይሆን ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

"ጋሼ…" አለች። ፈተናውን ረስታዋለች። "ይሄ ጥቁረት ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እሱን ተይው፣ አልለቅ ያለ እድፍ ነው" አልኳት አፍሬ።

ያ ማጅራቴ ጉድ አፍልቶብኝ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ በአልኮል ፈትጎ ፈትጎ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሳሙና አይደርስም እንዴ?" ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። ትርሐስም እስኪቃጠል ድረስ ሞርዳኛለች። ከዚያ በኋላ በአንገት ልብስ ሸፍኜው ነው የኖርኩት።

"እድፍ አይደለም" አለች። ብብቴንም አየች። "ቆዳው ወፍሮ ነው የጠቆረው። ውኃ ይጠማሃል?"

ትርሐስ ቀደመችኝ። "ጀሪካን ነው እንጂ ምን መጠማት አለው! ሌሊትም ሽንት ቤት ሲመላለስ አያስተኛኝም!"

ቃልኪዳን ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሳችው። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ጎን አዞረችው፤ አሁንም ቆመ።

"አንተ ስታነሳው ብቻ አይደለም፤ እኔም ሳነሳው እዚሁ ይቆማል። መገጣጠሚያው ራሱ ነው የደረቀው።" ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች። "እትዬ፣ እንዲህ የደረቀ ትከሻ በኃይል ቢጎተት አጥንቱ ሊሰበር ይችላል።"

ፈራሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ፈራሁ። በምጽፍበት እጅ!

"እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ በእኔ ቃል እንዳትሄድ" አለችኝ። "ግን የአንገትህ ጥቁረትም የትከሻህ መድረቅም ስኳር ያለበት ሰው ላይ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ነገ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ሆስፒታል እንሂድና ደምህ ይታይ።"

"ነገ ጠዋትማ ቡልቡላ ነው!" አሉ እትዬ ዘነበች። "የሰውየው ወረፋ እንዲሁ አይገኝም!"

ሁሉም እኔን አዩኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? የመረጥኩት በእውቀት አይደለም። ያችን "ጯ!" የምትለዋን ድምፅ አስቤ ነው።

ቅዳሜ ሆስፒታል ውስጥ የደም ውጤቴን የያዙት ሽበታም ሐኪም ማጅራቴን ገልጠው አዩ። ስኳሬ ከፍ ብሏል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ሳይቆይ አልቀረም አሉ። ትከሻውም በዚሁ ሰበብ ሊደርቅ እንደሚችል ነገሩኝና "ሁለት ወር ጠቅልለህ ማስቀመጥህ ደግሞ ይብሱን አደረቀው" ብለው በጣም ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ተማሪ እንደሚታይ አዩኝ። ቀጥለው "አንገትህን ማን አየው?" አሉኝ።

ቃልኪዳን ከኋላዬ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

"ዶክተራችን" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ።

ክኒን ተሰጠኝ፣ ሻይዬ ስኳሩን ተነጠቀ፣ ክንዴ ላይ ደግሞ ሥራ ታዘዘበት። በየቀኑ ግድግዳ ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳለሁ። ቃልኪዳን የደረስኩበትን በእርሳስ ታሰምራለች፤ ሰው የልጁን ቁመት በሚለካበት ዓይነት። ፈተናዋን ስላለፈች ጭካኔዋ ጨምሯል። ዜናውን የሰሙት እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ስኳር? እሱም እኮ የሚገባው በብርድ ነው!"

የሳቅኩት ሳቅ! ያ የድሮው ንቀቴ ከነሙሉ ጤናው ተመለሰልኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ሕክምናውን በጀመርኩ በስድስተኛው ወር፣ ከኢምፔሪያል ታክሲ ያዝኩ። መስኮቱ መያዣው ከላይ የሆነ፣ በግድ የሚከፈት ነው። ቀኝ እጄን አነሳሁ። ከደረቴ አለፈ… ከጆሮዬ አለፈ… መያዣውን ጨበጥኩና ወለል አደረግኩት! እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም፤ በገዛ እጄ እኮ ነው! ታክሲው በአንድ ድምፅ ተነሳብኝ። "ዝጋው! ምን ዓይነት ሰው ነው!" አንዲት አሮጊት ከኋላ "ልጄ፣ ትከሻህን ይይዝሃል፣ ተው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሬ ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ ስኳርና ስለ ንጹሕ አየር እስከ መድኃኔዓለም ድረስ አስተማርኳቸው። አንድም ሰው አልተማረም። አልዘጋሁትም!

በዚያው ቀን እራት ላይ፣ ሰላጣውን ልጎትት እጄን ስዘረጋ ትከሻዬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ቃልኪዳን ወዲያው አየችኝ።

"ጋሼ፣ አመመህ እንዴ? ምን ሆነህ ነው?"

"ኧረ ምንም" አልኳት። "ዛሬ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቼ ነበር።"

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ልጅቷ ጉርሻዋን ሳህኗ ላይ መለሰች። ትርሐስ ጋቢውን ልታመጣልኝ ተነሳች።