ጋሽ ገና ነው እና የጠመመው ወንበር

በየሰፈሩ ሥራ የማይጨርስ አንድ አናጢ አለ። የለም የሚል ካለ ወይ ሰፈር የለውም፣ ወይ አናጢው ራሱ ነው። ሹም ይሻራል፣ መንገድ ይቆፈራል፣ ይደፈናል፣ ደግሞ ይቆፈራል፤ እኚህ ሰው ዘንድ ያዘዝከው ቁም ሣጥን ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሌላው ባለሙያ ቢያንስ "ነገ" ይልሃል። ነገ መልካም ቃል ነው፤ ይነጋል፣ ሄደህ ትጣላለህ፣ ወጥቶልህ ትመለሳለህ። የእኛው ግን ቀን አይቆርጡም። "ገና ነው" ይላሉ፤ አለቀ። ሰፈሩም ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ሽሮ "ጋሽ ገና ነው" ብሎ ሾማቸው።

ይህን ጽሑፍ አምና ብጽፈው ኖሮ ከዚህ ይልቅ ያስቅ ነበር።

ክቡርነታቸው የሚሠሩት መታጠፊያው ላይ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላት ቆርቆሮ ለበስ መጠለያ ውስጥ ነው። ሰጋቱራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከበስተጀርባ እስከ ጣሪያው ጣውላ ተከምሯል፤ በየጣውላው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ጣት የምታክል እንጨት ተሰክታለች። ይህ ክምር የሚኖረው ከእኛ በተሻለ ሥርዓት ነው። ዝናብ አይነካውም፣ ፀሐይ አይመታውም፣ ማንም አይጨቀጭቀውም።

ቀኖናቸው አጭር ነው። ሚስማር የሰነፍ አናጢ ምርኩዝ ነው። ችፑድ በሙጫ የተለወሰ ሰጋቱራ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጣውላ "የማን ልጅ እንደሆነ የማይታወቅ" ነው። እሳቸው የሚሠሩበት እንጨት ዘመዱ የሚታወቅ፣ ነፋስ የጣለው ወይም መንገድ ሠሪ የቆረጠው የሰፈር ዛፍ፣ አለዚያም የፈረሰ ቤት በር ነው። ፖሊስ ሌባ ያሳድዳል፤ ጋሽ ገና ነው የፈረሰ ቤት ያሳድዳሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ ገብተው መጀመሪያ የሚያዩት ሟቹ ትቶት የሄደውን በር ነው ብዬ አምቻቸው አውቃለሁ።

ችሎታቸው ደግሞ እንዲህ ነው። አዝዘህ የጠፋብህን ዕቃ ልትጠይቅ ትመጣለህ። ከክምሩ አንድ ጣውላ ይመዛሉ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ከጉንጫቸው ያስጠጉታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እርጥብ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የደረቀው አይቀዘቅዝም። አንተ ትጠብቃለህ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

"ገና ነው።"

ይግባኝ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ለሠርጓ አልጋ አዝዛ ነበር። ተጋባች፣ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈች፣ ወለደች። አልጋው ደርሷል ተብለን ልናመጣው ስንሄድ አንዱን ጫፍ የተሸከመው ያ የተወለደው ልጅ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ትዳሩ ሲጥ ሲጥ ብሎ ፈርሷል፤ አልጋው ግን እስከ ዛሬ ሲጥ አላለም።

ሌላ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ሠርተው ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ አንድ እግሩ የክር ያህል ጠሞ ተገኘ። ክር ነው የምለው፤ እኔ አላየሁትም፣ ባለቤቱም አላየውም። "ጋሼ፣ እኔ እወስደዋለሁ፣ ግድ የለም" እያለ ሲለምናቸው መጥረቢያ አንስተው ፈለጡት፤ ፍልጡንም ለጎረቤት ምድጃ ሰጡ። ሰውየው የገዛ ጠረጴዛው ውኃ ሲያፈላ ቆሞ ተመለከተ።

እኔም የመጻሕፍት መደርደሪያ አዝዤ ነበር። መጻሕፍቴ ወለል ላይ ተቆልለው፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው የአብዮት በራሪ ወረቀቶች አልጋ ሥር ሆነው፣ እኔ በየሳምንቱ ወደ መጠለያው እመላለስ ነበር። አንድ ቀን በወረቀቶቹ ቋንቋ መጣሁባቸው። እርስዎ የምርት ኃይሎች ዕድገት ማነቆ ነዎት አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ሙጫ እስኪደርቅ አንቆ የሚይዝ ከሌለ ወንበር አይቆምም ብለው መላጊያቸውን ገፉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የእጅ ሥራን ከሚደግፍ ድርጅት አንዲት ወይዘሪት መጣች። ያገር እጅ፣ ያገር እንጨት፣ ተፈጥሮን የማይጎዳ ሥራ ያለችው ሁሉ መልካም ነገር ነበር። እኔ በጉብዝናዬ "ሰፊው ሕዝብ" ያልኩትን ያህል እሷ "ዘላቂ" አለች። የምትፈልገው ለዐውደ ርዕይ የሚሆኑ በርጩማዎች ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ወሩ ሳያልቅ። ጋሽ ገና ነው በጥሞና አዳመጧት። ከዚያ ወደ ክምሩ ሄዱ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ፤ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ልጅቷ ፍርዱን ስትሰማ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ብዙ ቆይታ ነው የገባት።

ያን ቀን፣ ገበያው አመለጠ ብለው የተቆጡት እታለም ናቸው።

እታለም ባለቤታቸው ናቸው፤ የመጠለያውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። መግቢያው ላይ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ተቀምጠው የተቆጣ ደንበኛ ይቀበላሉ። አንዱን "ቁም ሣጥንህ ትናንት ስምህን ሲጠራ ሰማሁት" ይሉታል። ሌላዋን ወንበሯ ቫርኒሽ እየጠጣ መሆኑን፣ ሲጠጣ ደግሞ መረበሽ እንደማይወድ ያስረዷታል። ሰው ሊሰድብ መጥቶ ስለ ልጁ ትምህርት አውርቶ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ተመክሮ ይመለሳል። ያለ እሳቸው ጋሽ ገና ነው ድሮ ተደብድበው ነበር።

እታለም ለራሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር። "አናጢ አግብቼ ሣጥን ላይ አረጀሁ" ይሉ ነበር፤ እንግዳ ባለበት፣ ባልየው እንዲሰሙ ጮክ ብለው። ጋሽ ገና ነውም ለዚህ መልስ ነበራቸው። መንገዱ ሲሰፋ የተቆረጠውን የመታጠፊያውን ትልቅ ዛፍ ለምነው ወስደው ነበር፤ መጠለያ ሳይኖራቸው በፊት በጥላው ሥር የሠሩበት ዛፍ ነው። ግንዱን ሰንጥቀው ከምረውታል። ወፍራሙ ለእታለም ወንበር፣ የተረፈው ለእኔ መደርደሪያ። እኔና እታለም ስለዚህ ወረፋ ጠባቂዎች ነበርን። "የእርስዎ ደረሰ?" እላቸዋለሁ። በአገጫቸው ወደ ባላቸው ያሳዩኛል። ሁለታችንም አብረን "ገና ነው" እንላለን፤ ሰውየው መላጊያቸውን ይገፋሉ።

አምና ክረምት ሲገባ የእታለም ልብ ደከመ። እግራቸው አበጠ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሐኪሙ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ በተቀመጡበት ይተኙ አለ። እኛ ጎረቤቶች ተሯሯጥን። ሶፋ አመጣን፤ ሶፋው እንደ ረግረግ ዋጣቸው። ፕላስቲክ ወንበር አመጣን፤ ክንዱ ተጣጥፎ አንሸራተታቸው። አልጋው ላይ ትራስ ደረደርን፣ ከትራሱ ኋላ ጣውላ አቆምን፤ ደቂቃ ሳይቆዩ ወደ ታች ይሾልካሉ፣ አየር ያጣሉ፣ ደግሞ እናነሣቸዋለን። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ መሐል "ሣጥኔን አምጡልኝ" እያሉ ያሾፉ ነበር።

አንድ ጠዋት መጠለያው ስደርስ ጋሽ ገና ነው ወፍራሙን ጣውላ መዝዘው ጉንጫቸው ላይ አስደግፈዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ቆዩ። ሁልጊዜ ከሚቆዩት በላይ ቆዩ።

"ገና ነው?" አልኳቸው። ምላሴ ለምዶባት እንጂ መጠየቄ አልነበረም።

ጣውላውን ከጉንጫቸው አውርደው አግዳሚው ላይ አጋደሙና መጋዙን አነሡ።

እርጥብ እንጨት መጋዝ ይይዛል። ሲገፉት ያቃስታል፣ ሲስቡት ይጣበቃል። ከመላጊያው የሚወጣው ልጣጭ እንደ ወትሮው አይንኮሻኮሽም፤ ረጥቦ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ይወድቃል። የእታለምን ከዳሌ እስከ ጉልበት በሲባጎ ለክተው መጡ። ክርናቸው የሚያርፍበትን ለክተው መጡ። አንገታቸው የሚደገፍበትን ለመለካት ሄደው ግን ሲባጎውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ብዙ ቆይተው ተመለሱ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ገና ነው ሲጣደፉ አየ። ማንም አልቀለደም። እኔም፣ ምላሴን የሚያውቅ ይመስክር፣ አልቀለድኩም።

ሚስማር አልነካውም። አንዱን እንጨት በሌላው ጉድጓድ እየሰኩ ነው የሠሩት፤ ያ መጋጠሚያ እርጥቡ ሲደርቅ አፉን እንደሚከፍት ከዓለም ሁሉ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ወንበሩን ተሸክመን አስገባነው። እታለምን አንሥተን አስቀመጥናቸው። ጀርባቸው ተደገፈ፣ ክንዳቸው ተዘረጋ፣ ደረታቸው ከፈት አለ። አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ያንን ትንፋሽ እኛም አብረን ያወጣነው ይመስለኛል።

"ደረሰ እንዴ?" አሉ ባላቸውን እያዩ።

"ደርሷል" አሉ ጋሽ ገና ነው።

በዕድሜያቸው ያንን ቃል በእርጥብ እንጨት ላይ ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነው። ወዲያው ውኃ ላምጣ ብለው ወጡ። ውኃው አጠገባችን ነበር።

እታለም በጣታቸው ጠሩኝ። እጄን ይዘው የክንድ ማሳረፊያው ላይ አስቀመጡት፤ የእሳቸውን እጅ በላዩ ጫኑበት።

"ይቀዘቅዛል፣ አይደል?"

ዓይኔን ወደ ደጁ አዞርኩ።

"የአናጢ ሚስት ነኝ እኮ" አሉ ፈገግ ብለው። "እንዳትነግረው። ደርሷል ብሎኛል።"

በዚያ ወንበር ላይ እንቅልፍ አገኙ። ደጃፉ አጠገብ አድርገንላቸው ደንበኛ ማነጋገርም ጀምረው ነበር፤ ድምፃቸው አንሶ ደንበኛው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማቸው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀትር ላይ፣ እጃቸው ማሳረፊያው ላይ እንዳለ፣ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም። የድርጅቷ ወይዘሪትም መጥታ ነበር። የለስላሳውን ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እሷ ክፉ አልተናገርኩም።

ከዚያ ፀሐዩ በረታ፤ ወንበሩም መጥመም ጀመረ። በመጀመሪያ መጋጠሚያዎቹ አፋቸውን ከፈቱ። ቀጥሎ መደገፊያው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ሲሰነጠቅ እዚያው ነበርኩ፣ ቅርንጫፍ እንደተሰበረ ያህል ጮኸ። ጋሽ ገና ነው ከሥራቸው ቀና አሉ፣ ወንበሩን አዩት፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኋላም የፊት እግሩ ከመሬት ተነሣ። መጥረቢያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በክር ለጠመመ ጠረጴዛ ሞት የፈረዱት ዳኛ ቀጭን ሽብልቅ ቀረጹና ከተነሣው እግር ሥር አስገቡ። በሳምንቱ እግሩ ከፍ አለ፤ ወፈር ያለ ሽብልቅ ቀረጹ። እንዲህ እያሉ ከወንበሩ ጋር አብረው ይኖራሉ።

እናስተካክልልዎ ያላቸው ሌላ አናጢ ነበር። ምን አጠፋና ብለው መለሱት።

ደንበኞቻቸውንም አንድ በአንድ ማሰናበት ያዙ። የጀመሩትን ይጨርሳሉ፤ አዲስ አይቀበሉም። ያ ሰው፣ ያ ዓለም ሁሉ ቢቸኩል አይቸኩልም ያልነው ሰው፣ እየቸኮለ ይጨርስ ጀመር። ቁም ሣጥን ወጣ፣ በር ወጣ፣ የአንዱ የተረሳ ሣጥን እንኳ ወጣ። ደንበኛው የለመደውን ጭቅጭቅ አጥቶ ዕቃውን ተሸክሞ ግራ ተጋብቶ ይሄዳል። መጠለያው እየጎደለ፣ ክምሩ እያጠረ፣ በመጨረሻ የመታጠፊያው ዛፍ ትራፊ ብቻ ቀረ፤ የእኔ መደርደሪያ።

ባለፈው ሳምንት አስጠሩኝ። ስደርስ አንዱን ጣውላ አውርደው አግዳሚው ላይ አጋድመውታል። ወንበሩ በሽብልቁ ላይ ጎንበስ ብሎ ደጃፉ ላይ እንዳለ ነው።

"ያንተ ደርሷል" አሉኝ። "እሱን ልጨርስልህና ከዚያ እዘጋለሁ።"

"ይዘጋሉ?"

"ምን ቀረኝ?"

ይህን ያህል ዘመን ስጨቀጭቅበት የነበረ መደርደሪያ ነው። ጣውላውን አነሣሁ። ጉንጬ ላይ አስደገፍኩት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደርቋል። ፀሐይ እንደሞቀው ግድግዳ ለብ ያለ ነው። ቆየሁ።

"ገና ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

አዩኝ። ጣውላውን ከእጄ ተቀብለው ከጉንጫቸው አስጠጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዲት ጣታቸው ጠርዙ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"ይቀዘቅዛል ትላለህ?"

"ይቀዘቅዛል።"

"ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?"

አልነገርኳቸውም። እንዳትነግረው ተብያለሁ።

ጋሽ ገና ነው ጣውላውን ተሸክመው ወደ ኋላ ሄዱ። ክምሩ ላይ አጋደሙት፤ ነፋስ እንዲያልፍ ትንንሾቹን እንጨቶች አንድ በአንድ ሰኩለት። እጃቸውን ካራገፉ በኋላ "እንግዲያ ለከርሞ እናየዋለን" አሉና መላጊያቸውን ሊስሉ ተቀመጡ።

መጻሕፍቴ አሁንም ወለል ላይ ናቸው። ይመቻቸዋል።