ሊቀ ፍሎራይድ

ውሃ በጠርሙስ ታሽጎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የጠርሙስ ጀርባ አንባቢ ተመድቧል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም፤ ደመወዝም የለው። ሥራው ግን ከሥራ አስኪያጁ ይከብዳል፦ ሰው ሊጠጣ አፉን ሲከፍት ደርሶ ማስቆም።

የእኛው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። “ሊቀ ፍሎራይድ” ብለን ሾምናቸው፤ ሹመቱን ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ጠርሙሱን ከእጃችን ወስደው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ደቃቁን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል። “የጀርባውን አንብበሃል?” ይላሉ። ማን ያነባል? ጠምቶን እኮ ነው።

ፍሎራይዱ ከበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ ካነሰ ጥርስ ይበላል፤ ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ ደግሞ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ውሃ ሳይሆን ምስጢር ነው። በዚህ ስሌት ስንቱን ስብሰባ በደረቅ ጉሮሮ ተቀመጥን! የጠርሙሱን ወረቀት በሙቅ ውሃ አስለቅቀው ለየዓይነቱ ፋይል ከፈቱለት። የሠራተኛ ማኅደር ይጠፋል፤ የውሃ ማኅደር ግን ጠፍቶ አያውቅም። ገንዘብ ያዧ “ጋሼ፣ እኔን የሚገድለኝ ጥሙ ነው” ስትላቸው እንኳ ፈገግ አላሉም። እኔማ ጠርሙሴን መሳቢያ ውስጥ እደብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ መዝገብ ቤት ብወርድ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ምን ሆኑ ብላቸው፣ ቀስ እያሉ ነገሩኝ።

ልጃቸው ባሏን ተከትላ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣበት አገር ሄደች። የልጅ ልጃቸው ስትወለድ እሳቸው ተላላፊ በሽታ ፈርተው፣ ውሃው ግማሹ እስኪቀር ይፍላ ብለው አዘዙ። እኛም በልጅነታችን ከጤና መማሪያው በቃላችን ያጠናነው ይህንኑ ነው፤ “ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።” ድስቱ ሲጨስ የሚያሳየው ሥዕል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አራት ዓመት ሙሉ አፈሉላት። ጀርሙ ሞተ፤ በጉድጓዱ ውሃ የነበረው ፍሎራይድ ግን በእንፋሎት አይሄድምና በቀረው ውሃ ውስጥ ጠነከረ። ይህን ያወቁ ዕለት ነው ጀርባ ማንበብ የጀመሩት።

ልጅቷ ያን ሰሞን እሳቸው ቤት መጥታለች፤ የወተት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አዲሱ በዚያ ሳምንት ብቅ ብሏል።

“እንዴት ነው?” አልኳቸው።

“በልዟል።”

የጥርስ ሐኪሙ፣ ይህ ጥርስ ድድ ውስጥ ሳለ ነው የተጎዳው፤ ከዚያ ወዲህ የተገዛው የታሸገ ውሃ ሁሉ አልደረሰለትም ብሏቸዋል።

“መስተዋት ፊት ቆማ በብሩሽ ትፈትገዋለች” አሉ። “‘አባባ፣ መቼ ነው የሚለቀው?’ ትለኛለች።”

አይዞዎት ማለት አፌ ላይ መጥቶ አፈርኩበት።

“ጋሼ፣” አልኩ፣ “የእኔ ትንሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የትኛውን ላጠጣት?”

እያላገጥኩ እንደሆነ ፊቴን መረመሩ። ከዚያ ተነሥተው ወንበር ሳቡልኝ። ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ ሲመጣ እሳቸው ገና እያስረዱ፣ እኔም ገና እየጻፍኩ ነበር።