ጋሽ አንቴና በቆመ መኪና ውስጥ

በየሰፈሩ፣ የትም በማይሄድ መኪና ውስጥ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ሚስቱ ያባረረችው ይመስላችኋል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ፊቱ ላይ ቅሬታ የለም፤ አንድ ነገር እያዳመጠ ነው። በመስኮቱ ሰላም ብትሉት በእጁ ምልክት ዝም ያሰኛችኋል። የእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለውም ካላችሁ በደንብ አላያችሁም።

የእኛው ክቡር ጋሽ አንቴና ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን በካርታ ሲያሳዩት የኖሩትን ዓለም አሁን መልእክት በሚልክና በሚቀበል ሬዲዮ ያነጋግሩታል። በአሮጌ መኪናቸው የኋላ መከላከያ ላይ ክንድ የሚያህል አንቴና ተተክሏል። ተራ ዘንግ እንዳይመስላችሁ፤ ሥሩ ላይ ሞተር አለው። ጋሽ አንቴና ሞገድ በቀየሩ ቁጥር ዝዝ እያለ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የት ድረስ ወጥቶ የት እንደሚቆም የምታዘው ደግሞ ከመሪው አጠገብ የተለጠፈች፣ የሳሙና መያዣ የምታክል ሳጥን ናት። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ ትቆጥራለች፤ ለእያንዳንዱ ሞገድ የሚስማማውን ቁመትም ታስታውሳለች። ጋሽ አንቴና "ቆጣሪዋ" ይሏታል። ባለቤታቸው እትዬ ግን "ጣውንቴ" ነው የሚሏት።

ቆጣሪዋ አንድ ዐመል አላት፤ አንዳንዴ ቁጥር ይጠፋባታል። ያኔ አንቴናውን እስከ ታች አውርዶ "ዜሮ ማለት እዚህ ነው" ብሎ መንገር፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አውጥቶ ትክክለኛውን ቦታ እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል። ጋሽ አንቴና ይህን ሥራ ከመውደዳቸው የተነሳ ለሰውም ያዙታል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ "ቁጥር ጠፍቶባቸው ነው፤ ወደ ዜሮ ይመለሱ" ይላሉ። እኔም ጽሑፍ አልሄድልህ ብሎኝ ፊቴን አጥቁሬ ካዩኝ መድኃኒቱ ያው ነው።

"እስከ ታች ውረድና ጀምር። አትቸኩል።"

የእህቴ ልጅ ስታገባ መኪናቸውን ለአጀብ አመጡልን። መኪናውን የሚያስጌጡት ልጆች አንቴናው ላይ አበባና ሪባን ጠመጠሙ። ጋሽ አንቴና ሙሽሮቹን መጠበቅ ቢሰለቻቸው ሬዲዮውን ከፈቱ። አንቴናው ተነሳ፣ ሪባኑ ተወጠረ፣ ተበጠሰ፤ አበባውም ልክ ሙሽራዋ ከበር ስትወጣ እግሯ ሥር ተበተነ። ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት አጨበጨበ። እህቴ እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ጎንበስ ብለው ሞተሩን ይዳብሱ ነበር።

"ሪባኑ ይዞት ቆጣሪዋ ተሳስታለች" አሉኝ፣ ዘመድ እንደታመመበት ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ እሑድ ልነግራችሁ ነው።

የጋሽ አንቴናና የእትዬ አንድያ ልጅ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ከብዙ ተራራ ጀርባ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ስልክ አንድ ቀን ቢሠራ ሌላ ቀን አይሠራም። ስለዚህ አባትና ልጅ እሑድ እሑድ ጧት በሬዲዮ ይገናኛሉ። የእሷ ባትሪ በፀሐይ የሚሞላ ደካማ ባትሪ ስለሆነ ብዙ አታቆየውም፤ ከፍታ ትጠራለች፣ መልስ ካላገኘች ትዘጋለች። እትዬ ሬዲዮው አጠገብ ደርሰው አያውቁም። "ልጄን ለማነጋገር ጣውንቴን አላስፈቅድም" ይላሉ። ባላቸው ሲመለሱ ግን የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስደግሟቸዋል።

ያን ሳምንት ዝናቡ አላባራ አለ። ልጅቷ ባለችበት አካባቢ መሬት ተንሸራቶ መንገድ መዝጋቱን ዜና ተናገረ፤ ስልኩም ተቋረጠ። እሑድ ጧት ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ጋሽ አንቴና መኪናው ውስጥ ናቸው። እትዬ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው የመኪናውን በር ይዘው ቆመዋል።

"ምን ተፈጠረ?" አልኩ።

"መካኒኩ ትናንት ባትሪውን ፈትቶት ነበር" አሉ ጋሽ አንቴና ቀና ሳይሉ። "ቆጣሪዋ ሁሉንም ረስታለች።"

"ዝም ብለህ አውጣውና ጥራት" አሉ እትዬ።

"በግምት ከወጣ ድምፄ ከዚህ አጥር አያልፍም። አትቸኩዪ።"

"ልጄ ተራራ ሥር ናት፤ አንተ አትቸኩዪ ትለኛለህ።"

ጋሽ አንቴና ከመኪናው ወረዱ። አንቴናው ላይ የተጋገረውን ጭቃ በግራሶ በጠቆረው ጨርቃቸው ጠርገው ተመለሱና እስከ ታች አወረዱት። ሞተሩ ሲቆም ቁልፉን ተጭነው ዜሮውን አስያዙ። ከዚያ ማውጣት ጀመሩ። ዓይናቸው የሬዲዮው መርፌ ላይ ነው፤ አንቴናው ቁመቱ ካልተስማማ የተላከው ኃይል ተመልሶ ስለሚመጣ መርፌው ከፍ ይላል። አወጡት፤ አለፈ። መለሱት። ጣታቸው ቁልፉን የሚነካው ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው በቀስታ ነበር። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ ተኛ።

"እዚህ ጋ ነሽ" አሏት ሳጥኗን። ቦታውን አስያዟትና ማይኩን አነሱ።

ጠሩ። የመለሰላቸው ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚመስል ሹክታ ብቻ ነው። ደግመው ጠሩ። እትዬ ዞረው ሄዱና የወዲያኛውን ጎን የፊት በር ከፍተው ከባላቸው ጎን ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሽ አንቴና እንደገና ጠሩ። ከሹክታው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

"አባዬ፣ ልዘጋው ነበር እኮ። ሁላችንም ደህና ነን። የተዘጋው መንገዱ ነው እንጂ ጤና ጣቢያው አልተነካም። ትናንት መንታ አዋልጃለሁ። ተቀበል።"

ጋሽ አንቴና በሬዲዮ ሥርዓት ቀልድ አያውቁም። አጭር ተናገር፣ ስትጨርስ "ተቀበል" በል፣ የማይኩን ቁልፍ ልቀቅ፤ ይህን ያላስተማሩት የሰፈር ሰው የለም። ማይኩን ለእትዬ ሰጧቸው። እትዬ በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙትና ጀመሩ። በልተሻል ወይ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ አጠገብሽ ማን ያድራል፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው እዚያ የሄድሽው፣ ይህ ግትርነትሽ የአባትሽ ነው። ቁልፉን አልለቀቁትም፤ ካልለቀቁት ደግሞ ልጅቷ መመለስ አትችልም። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ጋሽ አንቴና በመስኮቱ በኩል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ተዋት" አሉ በሹክሹክታ። "ይውጣላት።"

እትዬ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ብቻ ጋሽ አንቴና አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ በቀስታ አነሱላቸው። የልጅቷ ሳቅ መኪናውን ሞላው።

"እማዬ፣ በልቻለሁ" አለች። "ሌላውን እሑድ እነግርሻለሁ። ተቀበይ።"

ጋሽ አንቴና ወደ መስኮቱ ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ በዚያው በግራሶ ጨርቅ። ከዓይናቸው እስከ ጆሯቸው ጥቁር መስመር ተሰመረ። እትዬ አዩት፣ እኔም አየሁት፤ ማናችንም አልነገርናቸውም። እንደዚያው ሆነው ሰፈሩን ዞሩ። ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ መንታ መወለዱን አበሰሩ፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ሳይጠይቅ "እንኳን ደስ አለዎት" ያላቸውን ሁሉ አመሰገኑ። እኔንም ደጄ ድረስ መጥተው እንደ አዲስ ነገሩኝ። እኔም ወንበር አወጣሁላቸውና እንደ አዲስ ሰማኋቸው።