የሰው ደረት ለብሼ ሽማግሌ ላክሁ

ፎቶ አንሺ ከከብት ደላላ ይብሳል። ደላላ ስለ በሬው ይዋሻል እንጂ በሬው ላይ የሌላ በሬ ሻኛ አይተክልም። ካላመናችሁ ጂንካ ፀጉር ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ወንዶች እዩ… ጉንጫቸው ላይ ዝንብ ብታርፍ አዳልጧት ትወድቃለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ የማነበው ሥዕል ብቻ ስለነበር፣ ሥዕል አያታልለኝም እል ነበር። ጉራ!

ወይጦ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላትን ጥሩነሽን ከዲመካ ፍየል ጭኜ ስመለስ አንድ ምሳ በልቼ ወደድኳት። እሷ ግን አቧራ የለበሰ ነጋዴ ስንቱን ታስታውስ? ሽማግሌዎቼም "የማያውቁህ ሰዎች ዘንድ ባዶ እጃችንን አንሄድም፣ ፎቶ አምጣ" አሉኝ።

ባለ ስቱዲዮው "ትንሽ ላስተካክልህ?" ሲለኝ ኮሌታዬን መስሎኝ "አስተካክል" አልኩት። የወጣውን ፎቶ ብታዩት… ፊቴ እንቁላል ተቀብቷል፣ ደረቴ የጎሽ ነው፣ ሱፉን ደግሞ በሕልሜም አላየሁት። ለምን እዋሻለሁ፣ ወደድኩት።

ሽማግሌዎቹ ከጥሩነሽ አጎት ቤት ሲገቡ እኔ እንደ ወጉ መንገድ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳይበርድ አስጠሩኝ። በሽማግሌ ቀን አግቢው ከተጠራ፣ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አጎቷ ጋሽ ጳውሎስ ፎቶዬን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

"ወንድሜ፣ ሚስት አለህ?"

"የለኝም።"

"ይሄ ቀለበት ታዲያ የምንድን ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በፎቶው ግራ እጅ ላይ የጋብቻ ቀለበት ቁጭ ብሏል። ባለ ስቱዲዮው የኔን ጭንቅላት ቆርጦ ሱፍ የለበሰ ሌላ ሰው አንገት ላይ ሲተክል፣ የዚያን ሰው ትዳር ማፍረስ ረስቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ቀለበቱን፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ቀረሁ። እስቲ ፍረዱኝ… ሰውነቱ የኔ ነው ካልኩ ባለትዳር ነኝ፤ አይደለም ካልኩ ቀጣፊ ነኝ።

"እጁ የኔ አይደለም" አልኩ።

"ትከሻውስ?"

"እሱም የስቱዲዮው ነው።"

"ደረቱ?"

"አላውቀውም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ከዚህ ሁሉ ያንተ የቱ ነው?"

ሽማግሌዎቼ መሬት መሬት ያያሉ። ፎቶውን ተቀብዬ በደንብ መረመርኩት።

"ጆሮዬ… ግራው።"

ከጓዳ ሳቅ ፈነዳ። ጥሩነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

"አጎቴ፣ ይሄን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ። ሽሮዬን ጠርጎ በልቶ ሲያበቃ 'ጨው በዝቶበታል' ያለኝ እሱ ነው። እኔ እንቢ ልል የነበረው ያንን የፎቶውን ቀብራራ ነው።"

ጋሽ ጳውሎስ ጆሮዬን አዩ፣ እሷን አዩ።

"እንግዲህ ጆሮው የራሱ ከሆነ ይበቃል" አሉ። "ለባል ዋናው እሱ ነው።"

ተጋባን። ፎቶውን ትቀድደዋለች ብዬ ስጠብቅ መስተዋት አስገብታ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ደንበኞች ቀና እያሉ "ይሄ መልከ መልካም ማነው?" ይሏታል።

"የመጀመሪያው ባሌ ነው" ትላለች፣ ሳትስቅ። "ስለ ጨው አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።"